ስለ ታመቀ ኃይል

ኃይል ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ለኃይሉ መቆሚያውንና መተንፈሻውን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ነገር በዓይን በሚታይ ምሳሌ ማስረዳት ስለሚሻል፣ የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው ጋራዥ ትልቅ ኮምፕሬሰር ሲተክል አብሬው ሆኜ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መሣሪያው 300 ሊትር የሚይዝ ታንክና ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለው። ልጁ መኪና ቀለም ቀቢ ስለ ሆነ የዕለት እንጀራው ከዚህ አየር ይወጣል። ከጋራዡ ግድግዳ ማዶ ደግሞ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል አለ።

መጀመሪያ አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቀን አቆምነው። ልጁ ወዲያው እግሮቹን በቡሎን ከሲሚንቶው ጋር ጠፍሮ ሊያስር ቸኮለ። እኔም «ቆይ፤ አስቀድመህ ውኃ ልክ አምጣ» አልሁት። ብንለካው አንደኛው እግር መሬቱን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ተገኘ። እንዲህ ያለውን እግር በዳዶ ጉልበት ወደ ታች ቢስቡት ታንኩ ዘወትር እንደ ተጨነቀ ይኖራል፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም ብየዳው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሥሩ ስስ ብረት አስገብተን አስተካከልነው፤ ለአራቱም እግሮች ወፍራም ጎማ አነጠፍን፤ ዳዶውንም በልኩ ብቻ አጠበቅን። ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ጉድለቱ ሳይሞላለት በግድ የታሰረ፣ ለጊዜው ቀጥ ብሎ ቢታይም ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል።

ኤሌክትሪኩ ተቀጥሎ፣ መዘውሩ በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩን አይተን ሥራ ባስጀመርነው ጊዜ ልጁ ሰዓቱን እያየ «ጋሼ፣ ሻጩ በነገረኝ ደቂቃ አልሞላም፤ ማሽኑ ሰነፍ ነው» አለኝ። ማሽኑ ግን ሰነፍ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፒስተኑም በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ያንሳል። የሚተነፍሰውን አየር ሳይመረምሩ ሠራተኛን ሰነፍ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። ታንኩ የተሠራው ለ10 ባር ነው፤ ሞተሩም 8 ባር ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ልጁ ብዙ አየር ለማጠራቀም ብሎ መቆጣጠሪያውን ከፍ ቢያደርገው ሴፍቲ ቫልቩ እየጮኸ መተንፈስ ጀመረ። «ጋሼ፣ ይህች ነገር አየሬን ታባክንብኛለች፤ በቡሎን ልድፈናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። 10 ባር ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ነው። የታንኩ ክዳን ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 50 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ብቻ የሚያርፈው ኃይል 200 ኩንታል ያህል ነው። ከዚያም ወደ ግድግዳው አመለከትሁት። ልጁ አንዲት ቃል ሳይመልስ ሄዶ መቆጣጠሪያውን ወደ 8 መለሰው። ፈረንሳዊው ሊቅ ዴኒ ፓፓን በ17ኛው መቶ ዓመት በእንፋሎት የሚያበስል ድስቱን ሲሠራ ይህን የመሰለ መተንፈሻ ያበጀለት ያለ ምክንያት አይደለም።

አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ ከታንኩ ግርጌ ይቀመጣል። ባለቤቱ በየማታው የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ ካላፈሰሰው ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ከውጭ ቀለሙ እያበራ ከውስጥ የሚሳሳ ታንክ፣ ቂም ይዞ የሚስቅን ሰው ይመስላል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዕውቀትና ጉልበት ማከማቸትህ መልካም ነው። ነገር ግን የምትቆምበትን መሬት አስቀድመህ ለካ። ያጠራቀምኸውን ቂም ሳታሳድር አፍስሰው። ከልክ ስታልፍ የሚጮህብህን ወዳጅ ድምፁ ቢመርርህም አፉን አትድፈን። ኃይልህ ቢፈነዳ የሚጎዳው አንተን ብቻ አይደለምና ከግድግዳው ማዶ የሚተኙትን አስብ።