ፍቅር ዕውር ከሆነ እኔ ምንድን ነኝ?

በአማርኛ ፍቅር የሚጀምረው ከዓይን ነው። «ዓይን ለዓይን ተጋጨን» ይባላል። ያፈረ «ዓይን አፋር» ነው፣ የተወደደ «የዓይኔ ብርሃን»። ዘፈኑም ከዓይኗ ተነሥቶ ወደ ጥርሷ፣ ከጥርሷ ወደ ፀጉሯ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ «ፍቅር ዕውር ነው» ይላሉ፤ ሲሰድቡት መሆኑ ነው። ዓይነ ስውር ሆኖ በዚህ ቋንቋ ማፍቀር ያልተጠሩበት ሠርግ ላይ እንደ መገኘት ነው፤ ምግቡ ይደርሳል፣ ወንበር ግን የለም።

በፍቅር ታሪኮች ውስጥም ዓይነ ስውር ሴት ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያላት፦ ማሳዘንና መዳን። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው «ሲቲ ላይትስ» ፊልም ውስጥ አበባ ሻጯ ልጅ አታይም። ድሃው ሰውዬ ለሕክምናዋ ገንዘብ ያመጣላታል፣ ትድናለች። ፊልሙን ሲተርኩልኝ አልቅሻለሁ። ግን ልብ በሉ፦ መጨረሻ ላይ ዓይኗ እያየው አላወቀችውም፤ ያወቀችው እጁን ስትነካ ነው። ታዲያ ለፍቅሩ መዳኗ ምን አስፈለገ?

ለዚህ ነው የኤሪክ ሊንድስትሮምን «ኖት ኢፍ አይ ሲ ዩ ፈርስት» ስልኬ ሲያነብልኝ ያደርኩት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ፓርከር ግራንት የሃይስኩል ተማሪ ናት፣ አታይም፤ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ትሮጣለች። ለሚቀርቧት ሰዎች ሕግ አውጥታለች፦ ሳትነግሩኝ አትንኩኝ፣ አለማየቴን ተጠቅማችሁ አታታልሉኝ። የምትወደው ልጅ ብቻቸውን እንደሆኑ ባመነችበት ሰዓት ጓደኞቹ ተደብቀው ያዩአቸው ነበር፤ ስታውቅ ቆርጣ ጣለችው። ትቆጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ትስቃለች። መጨረሻውም ላይ ዓይኗ አይበራም። እፎይ!

የኔም ሃይስኩል የራሱ ታሪክ ነበረው። ልጆች እጄን ይዘው «ማን ነኝ? ገምቺ!» ይሉኝ ነበር። እያወራሁ ጥለውኝ ይሄዱና ከባዶ ወንበር ጋር ሳወራ እቀር ነበር። አንዱ ልጅ ግን ሲመጣ ስሙን ይናገራል፣ ሲሄድም «ሄድኩ» ይላል። በቃ፣ ልቤ የሄደው በዚህ ነው። የትንፋሹን አካሄድ ከኮሪደሩ ጫፍ እለየው ነበር።

ወሬው ሲሰማ ግን ሰው ሁሉ ያመሰገነው እሱን ነው። «እንዴት ያለ ደግ ልጅ! ለነፍሱ ነው» አሉ። የኔ ፍቅር የሱ ጽድቅ ሆነ። ቀልደኛ መሆኔ፣ ሒሳብ የማስጠናው እኔ መሆኔ ከቁጥር አልገባም። አንድ ቀን አንዲት እትዬ አጠገቤ ቆመው ሲመርቁት «አሜን» አለ። የተለያየነው በዛች «አሜን» ነው። ለኔ ደግነት ሳይሆን ጓደኛ ነበር የፈለግኩት።

የትነበርሽ ንጉሤን አስባታለሁ። ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች፣ ጠበቃ የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘች ሴት ናት። አለማየቷ ከልጅነት ጋብቻ አድኗት ወደ ትምህርት ቤት እንደወሰዳት ተናግራለች። ደስ ይላል፤ ያማልም። ምክንያቱም ያ በር የተከፈተው «ይቺንስ ማን ያገባታል» በሚለው ግምት ነው። እኔ የምፈልገው ሁለቱንም ነው፦ ትምህርቱንም፣ መፈለጉንም፣ አልፈልግም ማለቱንም።

እና ልብ ወለድ የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ በአማርኛ አንዷን ጻፉልን። አታድኗት። ፊቱን በጣቶቿ እያስዳሰሳችሁ ቫዮሊን አታስመቱ፤ ከማናውቀው ሰው ጋር እንዲህ የምናደርግ ብዙ አይደለንም። ደረጃውን እየሮጠ የወጣ ልጅ ትንፋሽ፣ ዝናብ የነካው ሹራብ ሽታ፣ ስሟን ሲጠራ ትንሽ የሚሰበር ድምፅ፤ ይሄ ይበቃታል። ካልበቃትም እምቢ ትበል።