አባያ ዳር ማደር

ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ አባያ ሐይቅን ብዙ ጊዜ በአውቶብስ መስኮት አይቶት ያልፋል። ቀትር ላይ ሲያዩት ውሃው ቡናማ ነው፤ ጎርፍ የተኛበት ሜዳ ይመስላል። ልብ የሚቸኩለው ወደ ጎረቤቱ ሐይቅ ወደ ጫሞና ወደ አዞዎቹ ነው። እኔ ግን አባያን ወደድኩት፤ የወደድኩትም አጠገቡ ስላደርኩ ነው።

ያሳደረችን የጓደኛዬ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን ነቅሎ ፍራሽ ዘርግቶባታል፤ አጎበር ሰቅሎ መጋረጃ ጋርዷል፤ በሩ ሥር ጀሪካን፣ ምድጃና ጀበና ተደርድረዋል። አውሮፓውያን ብርዳቸውን ሸሽተው በሞሮኮና በፖርቱጋል ባሕር ዳር እንዲህ ባለ የመኝታ መኪና ወራት ይገፋሉ። እኛ ባሕር የለንም፤ ሞቃት ዳርቻ ግን አለን።

ከወላይታዋ ሻንቶ የተነሣነው በጥር ብርድ፣ ጋቢ ደርበን ነው። በዙሪያዋ ያሉት የዳሞት ፑላሳ ጓሮዎች በእንሰት ተሸፍነዋል፤ አንዲት ጋት መሬት ጦሟን አታድርም። ሶዶ ላይ ከገበያ ዳጣ ገዛን፤ ዓሣ ያለ ዳጣ እንዳይበላ ጓደኛዬ ከወላይታ ዘመዶቹ ተምሯል። ከዚያ ቁልቁለት ነው። ከ2,000 ሜትር ገደማ ተነሥቶ የሐይቁ ውሃ ወዳለበት፣ ከ1,200 ሜትር በታች፣ የሚወርድ መንገድ። ሁምቦ ጠበላ ስንደርስ ጋቢው ታጥፎ መስኮቱ ተከፍቷል።

ሁምቦ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከከተማው በላይ ያሉት ተራሮች ተራቁተው አፈራቸው ይታጠብ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ገበሬዎቹ ከዎርልድ ቪዥን ጋር 2,728 ሄክታር ከግጦሽና ከምሣር ከለሉ። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ መሬት ውስጥ ሕይወት የቀረለትን ጉቶ እየመለመሉ እንዲያቆጠቁጥ መተው ነበር። ጫካው ተመለሰ፤ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከዓለም ባንክ ጋር በተገባ ውል የካርቦን ክፍያ አገኙበት። ከመኪናው ወርጄ ያንን አረንጓዴ ሽቅብ ሳይ በደስታ ሆዴ ተላወሰ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአባያ ቀለም ከደጋው የወረደ አፈር ነው። ብላቴ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ፣ ሀዲያንና ሀላባን አልፎ፣ በወላይታ ምሥራቅ ቁልቁል ይወርድና ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ጊዳቦና ገላናም በሌላው ወገን ይጨምሩበታል። ደቃቁ አፈር አይዘቅጥም፤ ነፋስ እየቀሰቀሰው እንደተንሳፈፈ ይኖራል።

ከሁምቦ በኋላ ሐይቁ በግራ በኩል አብሮ ይጓዛል። ምዕራብ አባያ ገብተን ብርብር ላይ ሙዝ በዘለላ ገዛን፤ ከመንገድ ዳር ሴቶቹ የሚሸጡት፣ ዛፉ ላይ የበሰለው ሙዝ አዲስ አበባ ከሚደርሰው ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ማታ ከውሃው ራቅ ብሎ ባለ ግቢ አስፈቅደን ቆምን። ዘበኛው አዛውንት ናቸው፤ ፍራሹን በባትሪ አብርተው አዩና ሳቁ።

«ቤታችሁን ተሸክማችሁ ነዋ የመጣችሁት! ደግ ነው። ግን ልጆቼ፣ በሌሊት ወደ ውሃው እንዳትወርዱ። ጉማሬው ሣር ሊግጥ ይወጣል።»

«እሺ አባባ፣ ከግቢው አንወጣም» አልናቸው። ቡና አፍልተን አብረውን ጠጡ፤ በልጅነታቸው ዓሣ አጥማጆች ከቀላል የሐይቅ እንጨት ባሰሩት ታንኳ እንዴት ይቀዝፉ እንደነበር ነገሩን። ታንኳው አሁንም አለ፤ ንጋት ላይ በዓይናችን አየነው።

ያ ንጋት ነው ልቤን የወሰደው። መንገዱ በሐይቁ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ማዶ ነው። መጀመሪያ ውሃው ግራጫ ነበር፤ ከዚያ ሮዝ፤ ከዚያ የጠራ መዳብ። ሰማያዊ ውሃ ሰማዩን ይመልሳል እንጂ የራሱ የሆነ እንዲህ ያለ ብርሃን የለውም። አባያ ግን ብርሃኑን ውስጡ በተንሳፈፈው አፈር ይዞ ያቆየዋል። ይህን ሐይቅ ቆሻሻ ነው የሚል ሁሉ አንድ ሌሊት ዳሩ ቢያድር እወዳለሁ።

አርባ ምንጭ ስንገባ ወደ ሴቻ ወጥተን ሁለቱን ሐይቆች ከላይ አየን፤ ጫሞ በአንድ በኩል፣ አባያ በሌላው፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት መሬት። ጫሞ ውብ ነው፤ አይካድም። ዓሣችንን በዳጣ በላን፣ ጀሪካኑን ሞላን፣ ጓደኛዬም ሳልጠይቀው መሪውን ወደ ብርብር መለሰ።