ቆጥና ቆርቆሮ

ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደር ከጀመረች ዘመኑ ረጅም ነው። በትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሽ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የዘሯ መነሻ ግን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደን ነው፤ የዱር ዘመዶቿ ዛሬም ሲመሽ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰፍራሉ። የሐበሻም ዶሮ ይህን ጠባይዋን አልተወችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከፍ ያለ ማደሪያ ትሻለች። የደጋው ገበሬም ይህንኑ ተመልክቶ በጎጆው ውስጥ ቆጥ ሠራላት።

ቆጥ ሲባል ብዙው የከተማ ሰው የሚያስታውሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቆጥ ከተረትነቱ በፊት ሙያ ነበር። በግድግዳው በኩል ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ስለሚረበረብ ሸለምጥማጥ በቀላሉ አይደርስበትም። ከምድጃው የሚነሣው ሙቀትና ጢስ ወደ ላይ ሲወጣ ቆጡን ያደርቀዋል። የሣሩ ክዳን ደግሞ የዶሮዎቹን ትንፋሽ ቀስ እያደረገ ወደ ውጭ ያሳልፈዋል እንጂ ጠብታ አድርጎ በላያቸው አይመልሰውም። ሙቀት፣ ድርቀትና ንጹሕ አየር ያለ መሐንዲስ የተገናኙት በዚህ ዐይነት ነበር።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በራሱ አይነቀፍም፤ ለባለቤቱ ዕረፍት ሰጥቷል። ዶሮዎችም ከመኖሪያ ቤት መውጣታቸው አግባብ ነበር፤ ሕፃናት ከኩስና ከቅማል ጋር ቢያድሩ ለጤናቸው አይበጅም። ጉዳቱ የመጣው ከወጡበት ቤት ሳይሆን ከገቡበት ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። በክረምት ጉሙና ዝናቡ ይፈራረቁባታል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በከተማይቱ ዳርቻ ይኖሩ ለነበሩ አንዲት እናት ልጃቸው የቆርቆሮ ቤት ሠራላቸው። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ሰውና ዶሮ አብሮ አያድርም» አላቸው። «ይሁን ልጄ፤ ብቻ ቤታቸውን ቤት አድርገህ ሥራው» አሉት። እርሱም ብርድ እንዳይገባ ሲል ከትርፍራፊ ቆርቆሮ ሣጥን መትቶ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነው። በነሐሴ ከሰባቱ ዶሮዎች ሁለቱ ሞቱ፤ የቀሩትም አፍንጫቸው እየፈሰሰ ያንኮራፉ ጀመር። ጎረቤት «ብርድ ነው የፈጃቸው» አለ። እናቲቱ ግን ማለዳ የሣጥኑን በር ከፍተው እጃቸውን ወደ ጣራው ሰደዱ፤ መዳፋቸው በውሃ ረጠበ። «ብርድ አይደለም፤ ቆርቆሮው አልቦት ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። የዶሮ የገላ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ላባዋን ነፋ አድርጋ በመካከሉ አየር ስትይዝ፣ ራሷን ከክንፏ ሥር ስትሸሽግና ከባልንጀሮቿ ጋር ስትጠጋጋ የደጋውን ሌሊት ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትን ነው። የረጠበ ላባ አየር አይዝም፤ በታፈነ ቤት ውስጥ ደግሞ የኩሱ ሽታ ሳንባዋን ይጎዳል። ስለዚህ እናቲቱ ልጃቸውን አስጠርተው፣ ነፋስ በማይመጣበት ወገን ከጣራው ሥር፣ ዶሮዎቹ ከሚሰፍሩበት ከፍ ብሎ፣ መተንፈሻ አስከፈቱ። በቆርቆሮው ላይ የሣር ክዳን አስደረቡ። መስፈሪያውንም ከቀጭን ዱላ ወደ ሰፋ ያለ ጥርብ እንጨት ለወጡት፤ ዶሮይቱ ስትቀመጥ የደረቷ ላባ ጣቶቿን እንዲሸፍን ነው። ወለሉ ላይ ጭድ አነጠፉ፤ በአንድ ጥግ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ አኖሩ፤ ማታ ማታም እፍኝ ገብስ መበተን ጀመሩ፤ እህሉ ሌሊቱን ሲፈጭ ገላን ያሞቃልና።

የእናቲቱ ጥንቃቄ ለዶሮ ከማዘን ብቻ የመነጨ አልነበረም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ከዚያም ከፊሉን ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ቢሆንም በብዙ የገጠር ቤት የባልና የሚስት ምክር ሳያስፈልገው ሴቲቱ በራሷ እጅ የምታዝበት ገንዘብ ይህ ነው። ጨውና ዘይት፣ የልጅ ደብተርም የሚገዛው ከዚሁ ነው። ሁለት ዶሮ ሞተ ማለት ከዚህች ትንሽ ከረጢት ብዙ ጎደለ ማለት ነው።

በማግሥቱ ዓመት እናቲቱ ሦስት ቄቦች ሸዋ ሮቢት ላገባች ሴት ልጃቸው ላኩ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ አገሩ ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው ከ1,300 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ልጅቱ የእናቷን ምክር አክብራ፣ ጭድ ጎዝጉዛ፣ ግድግዳውን አጥብቃ አሳደረቻቸው። በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ቄቦቹ ምንቃራቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልኩ ጀመር።

ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በትንፋሿ፣ በጉትዬዋና ባልተሸፈነው ገላዋ ነው። ብዙ ስታለከልክ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል፤ ሙቀቱ ከበረታም በአንድ ቀን ትሞታለች። ብርድ ቀስ ብሎ ሲጎዳ ሙቀት ይቸኩላል። የቆላዋ ጎረቤት መጥታ የልጅቱን ሥራ አፈረሰችው። በግድግዳው ፈንታ ሸለምጥማጥ የማያሾልክ የርብራብ እንጨት አስደረገች፤ ቤቱን ወደ ዛፍ ጥላ አስጠጋች፤ ውሃውን በሸክላ አድርጋ ቀትር ላይ አስለወጠች። መኖም በማለዳና ፀሐይ ሲበርድ እንጂ በቀትር እንዳይሰጥ፣ ዶሮም በቀትር እንዳትባረር መከረች። የራሷም አንገተ መላጣ ዶሮ ከጥላው ወጥታ ስትጭር ይታይ ነበር። መልኳ ያስቃል፤ ላባዋ ማነሱ ግን ለቆላ ጸጋ ነው።

ሁለቱ ሴቶች የተቃራኒ ነገር ቢሠሩም ጥበባቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የተነሡት ዶሮይቱን ከማየት ነው። በርግጥ መልካም ቤት ፈንግልን አይከላከልም። ለእርሱ መድኀኒቱ አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው። ክትባት የዳነችውን ዶሮ ግን የታፈነ ሣጥን ሊገድላት ይችላል።

ሰው ከጎጆ ወደ ቆርቆሮ ቤት ሲዛወር እንስራውንና ምጣዱን ቆጥሮ ይዞ ይወጣል። ቆጡን ግን እንደ አሮጌ እንጨት ይማግደዋል። እንጨቱ ቢነድ አይቆጭም፤ እንጨቱን በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ጥግ ያዋለው ዕውቀት አብሮ እንዳይነድ ግን አሮጊቶቹ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይገባል።