የጠፍር አልጋ እግር በአል ቡስታን

ጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው እንኳ እግሩና አግዳሚው በምን እንደተያያዙ ልብ ብሎ አያይም። ሚስማር የለውም። የአግዳሚው ጫፍ ወንዴ ሆኖ እግሩ ላይ በተቦረቦረው ሴቴ ውስጥ ይገባል። እርጥቡ ጠፍር ተወጥሮ ሲደርቅ እየተኮማተረ አራቱንም ማዕዘን ወደ ውስጥ ይስባል። ቀዳዳው ወልጋዳ ከሆነ ታዲያ ያው ጉልበት አልጋውን ያጣምመዋል።

እኔም እዚህ ኦማን፣ ሙስካት፣ አል ቡስታን፣ ጓሮ ባለችው ክፍሌ እንዲህ ያለ አልጋ ጀምሬያለሁ። ዋንዛ ከየት ይመጣል፤ በቲክ ነው የምሠራው። ቲክ ጠንካራ ስለሆነ በእጅ መሮ ከመታገል ብዬ አራት ማዕዘን ቀዳዳ የሚያወጣ ማሽን ገዛሁ። መሮው ውስጡ ክፍት ነው፤ ፑንታው በውስጡ እየዞረ መሃሉን ይበሳል፣ መሮው ማዕዘኖቹን ይከረክማል። ሲያዩት እጀታውን ወደ ታች መጫን ብቻ ይመስላል። ዋናው ሥራ ግን ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ በፑንታውና በመሮው አፍ መካከል ክፍተት መተው አለበት። ከተነካኩ ይፋጫሉ፣ ይግላሉ፣ ብረቱ ሰማያዊ ይሆንና ስለቱ ይሞታል። መለኪያዬ የባይሳ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙን በመሮው ትከሻና በመቀመጫው መካከል አስገብቼ መሮውን ለጊዜው አጠብቃለሁ፤ ፑንታውን እስኪነካው ወደ ላይ ገፍቼ እሱንም አስራለሁ። ከዚያ ሳንቲሙን አውጥቼ መሮውን መቀመጫው ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ። የሳንቲሙን ውፍረት ያህል ክፍተት ይቀራል ማለት ነው። ፍርፋሪ የሚወጣበት መስኮት ወደ ጎን፣ ቀድሞ ወደተበሳው በኩል ይዙር።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ቀጥሎ ያለውን ነው። መሮው ራሱ ትንሽ ዞሮ ከታሰረ ከማሽኑ የጎን መደገፊያ ጋር ትይዩ አይሆንም። ስኳድራ ይረዳል፤ እኔ ግን የመጨረሻውን ፍርድ የምሰጠው ለእንጨት ነው። ቁርጥራጭ ላይ ማዕዘኖቹ ምልክት እስኪተዉ ብቻ እጫናለሁ፣ እንጨቱን መደገፊያው ላይ እያንሸራተትኩ አጠገቡ እደግማለሁ። ከዚያ ጥፍሬን በጠርዙ ላይ እነዳለሁ። ጥፍሬን ከያዘኝ፣ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ መስሏል፤ መሮው ዞሯል። ቪቲውን አላላ፣ በትንሹ አዙር፣ እንደገና ሞክር። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው!

የማሽኑ ጠረጴዛ ለመሮው ቀጥ ያለ መሆኑን በሁለቱም አቅጣጫ በስኳድራ አያለሁ፤ ያዘነበለውን ከሥሩ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ በተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ አስተካክላለሁ። የቀዳዳውን ጥልቀት ከወንዴው ርዝመት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አስበልጣለሁ፤ ኮላው የሚገባበት ያስፈልገዋል። የእያንዳንዱን እግር አንድ ገጽ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሁልጊዜ መደገፊያው ላይ የማሳርፈው እሱን ነው። ቀዳዳው ከመሃል ጥቂት ቢስት እንኳ ሁሉም በአንድ ወገን ይስታሉ፣ አግዳሚዎቹም አይጣሉም። ስበሳም ከሁለቱ ጫፎች ጀምሬ መሃሉን እየዘለልኩ ነው፤ መሮ በአንድ ወገን ብቻ እንጨት ካገኘ ወደ ባዶው ይታጠፋል።

ደግሞ ባሕሩ አለ። የአል ቡስታን አየር ቀለም ያልነካውን ብረት ሳትጠረጥሩት ያዝጋል፤ ጠረጴዛውን በሰም ካላሸሁት እንጨቱ አይንሸራተትም። አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል የዋለ ወንዴም የበጋው ወበቅ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ እግሩንም አግዳሚውንም አንድ ክፍል ውስጥ አቆያቸዋለሁ።

አደባባያችን ላይ ሶሐር የምትባል መርከብ ቆማለች። ሱር ከተማ ተሠርታ፣ ቲም ሰቨሪን የተባለ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1980 ከኦማን ተነስቶ በ1981 ቻይና፣ ካንቶን የደረሰባት ናት። ሳንቃዎቿ ያለ ሚስማር በኮኮናት ገመድ የተሰፉ ናቸው። የእኔን ጠፍር ሥራ ለጎረቤቶቼ ማስረዳት ሲያቅተኝ ወደ እሷ እጠቁማለሁ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

የቀረኝ ጠፍሩ ነው። ሙስካት ውስጥ ያልተለፋ የበሬ ቆዳ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ናይለን ገመድ እንዳትሉኝ ብቻ፤ እሱ ሲደርቅ አይኮማተርም።