ሳሎኑን ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ

ገርጂ፣ ጳጉሜን 3 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል አልልም፤ ከጎኔ ክፍል ተኝተሻል። ፊት ለፊት ልነግርሽ የጀመርኩትን ሁሉ እናትሽ «በርበሬው ስንት ኪሎ ሆነ?» እያለች ስለምታቋርጠኝ በወረቀት አድርጌዋለሁ። ወደ ጃፓን በሚወስድሽ አውሮፕላን ውስጥ ታነቢዋለሽ፤ መሸጋገሪያሽ ሴኡል እስክትደርሺ ከእንቅልፍ የሚተርፍ ሰዓት አለሽ።

የሰፈሩ ሰው አባትሽን «ዓለምን የዞረ» ይለዋል። እኔ የዞርኩት ሃንጋር ለሃንጋር ነው። የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ አንድ ከተማ ሲደርስ የሚጠብቀው ሙዚየም ሳይሆን የሚያፈስ የሃይድሮሊክ ቱቦ ነው። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል፤ ከተማዋንም የሚያያት ቱሪስቱ ሳይነቃ ነው። ይህ ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። ከተማ በዚያ ሰዓት ገና አልተኳኳለችም፤ መንገድ ላይ የምታገኚያቸው ዳቦ ጋጋሪው፣ ጠራጊዋ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣችው ነርስ ናቸው። አገር ሁሉ ለእንግዳ የሚያሳየው ሳሎኑን ነው። አንቺ ጓዳውን እዪ፤ ያየሽውንም ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ንገሪን። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የኛን ቦሌ እንውሰድ። ከኤርፖርት ወጥቶ በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ወይም በአዲሱ ኮሪደር ወደ መገናኛ የሚሄድ እንግዳ የሚያየው መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ የብስክሌት መንገድና ማታ ማታ የሚብለጨለጭ መብራት ነው። «አዲስ አበባን አየሁ» ብሎ ቢጽፍ ዋሸ አይባልም። ነገር ግን በማለዳው መገናኛ ለታክሲ የተሰለፈውን ሕዝብ አላየም። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ በሌሊት ተነስታ ሮቶ የምትሞላውን እናትሽንም አላየም። እኛም የሰው አገር ስንሄድ እንደዚያው እንግዳ ነን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በስም ታውቂያቸዋለሽ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በመርከብ ሳምንታት ተጉዘው የወረዱት አንቺ በምትሄጂባት በኮቤ ወደብ ነበር። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከጉዟቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1923፣ የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን የተማረ ሰው ዓይኑን ጃፓን ላይ ጥሎ ነበር። ኅሩይን የተቀበሏቸው በታላቅ ክብር ነው። ያዩትም ፋብሪካና ትምህርት ቤት በእውነት ነበረ። ግን እሳቸው ግብዣ ላይ በተቀመጡበት በዚያው ሰሞን የጃፓን ጦር ማንቹሪያን እየያዘ ነበር። በ1928 ጣሊያን ሲወረን ጃፓን አልደረሰችልንም፤ ብዙም ሳትቆይ የጣሊያንን ይዞታ አምና ተቀበለች። ኅሩይም መስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት እንዳሉ አረፉ።

ይህን የምጽፍልሽ ሊቁን ለመንቀፍ አይደለም፤ የመንግሥት እንግዳ ሆኖ ጓዳ የሚገባ የለም። አንቺ ግን ቀይ ምንጣፍ የሚነጠፍልሽ እንግዳ አይደለሽም፤ ጠባብ ክፍል ተከራይተሽ ቆሻሻ የምታወጪ ተማሪ ነሽ። ቆሻሻ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እዚያ የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩ፣ ጠርሙሱ ለየብቻ ተለይቶ በየተመደበለት ቀን ነው የሚወጣው። ያለ ቀኑ ያወጣሽው ሳይነሳ ይቀራል፤ ጎረቤትም ያየዋል። ትምህርት ቤት ብትገቢ ልጆቹ ራሳቸው መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው ክፍላቸውን ሲያጸዱ ታገኚያቸዋለሽ። ስለ ፈጣኑ ባቡር ከመጻፍሽ በፊት ስለዚህ ጻፊልኝ፤ የባቡሩን ፍጥነት እኔም ከዚሁ ሆኜ አገኘዋለሁ።

ራስ ተፈሪም በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን፣ ፓሪስን፣ ሮምን፣ ለንደንን ሲዞሩ የቤተ መንግሥት ግብዣ በዝቶላቸው ነበር። ዛሬ ያንን ግብዣ የሚያስታውስ የለም። ኢየሩሳሌም ላይ ግን ከአርመን ገዳም የተጠለሉ፣ ማርሽ ባንድ ያቋቋሙ ወላጅ አልባ ልጆች አይተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

እኔ ከሄድኩባቸው አገሮች ሁሉ ከዓይኔ ያልጠፋው ቦምቤይ ነው፤ አሁን ሙምባይ ይሉታል። የእረፍት ቀኔ ነበር፤ ቸርችጌት በሚባለው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሜያለሁ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች በራሳቸው ላይ ረጃጅም የእንጨት ሳጥን ተሸክመው እየተግተለተሉ ወጡ። ሳጥኑ ውስጥ የተደረደረው ምሳ ዕቃ ነው። ዳባዋላ ይባላሉ። ጠዋት ሚስት ወይም እናት የሠራችውን ምግብ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ በባቡር መሃል ከተማ ያደርሳሉ፤ ከዚያ በብስክሌትና በእግር ለየቢሮው ያድላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶውን ዕቃ ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። እንዴት አይምታታባቸውም ብዬ አንዱ ሳጥኑን ሲያወርድ ጠጋ ብዬ አየሁ። ክዳኑ ላይ በቀለም የተጻፈ ምልክት አለ፦ ከየትኛው ጣቢያ እንደተነሳ፣ የት እንደሚወርድ፣ የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ እምብዛም ያልተማሩ ናቸው። እኔ የእያንዳንዱን ብሎን ቁጥር ከመዝገብ ጋር ሳመሳክር የኖርኩ ሰው ነኝና በዚያ ክዳን ቀናሁ። ባሕሩ ዳር ያለውን ትልቁን የሕንድ በር ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ፎቶው የት እንደገባ አላውቅም። ክዳኑን ግን አሁን ሣለው ብትዪኝ እሥልልሻለሁ።

ሮምም ታሪክ አለኝ። የአክሱም ሐውልታችን ያኔ ከፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ መኪና በሚተራመስበት አደባባይ ቆሞ ነበር፤ ሕንፃውም የተጀመረው ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነው። እሱን ሳይ አበበ ቢቂላ መጣብኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ፣ በባዶ እግሩ በዚያ ሐውልት በኩል አልፎ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሰው የሚያወራው የባዶ እግሩን ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው ማየታቸውና ሐውልቱን የመጨረሻው መፍጠኛ ምልክት አድርገው መያዛቸው ነው፣ እንደሚነገረው ከሆነ። ሌላው በጨለማ ሲሮጥ እሱ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አክሱም ሲገባ የተደሰትኩት እንደ ኢትዮጵያዊም እንደ ቴክኒሺያንም ነው፤ ያን የሚያህል ጭነት እንደዚያ ያለ ደጋ ላይ ማሳረፍ ቀላል እንዳይመስልሽ።)

አበበ በ1957 ቶኪዮ ላይ ድሉን ስለደገመ፣ ዕድሜው የገፋ ጃፓናዊ ከኢትዮጵያ ነኝ ስትዪው «አበበ!» ሊልሽ ይችላል። ፈገግ ብለሽ አትለፊው። ያን ቀን የት ሆኖ እንዳየው፣ ቤታቸው ቴሌቪዥን ነበረ ወይ፣ ሰፈሩ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቂው። ስለ አበበ ብለሽ የጀመርሽው ወሬ የእሱን ጓዳ ይከፍትልሻል።

ኮቤ ስትደርሺ አስቀድመሽ ወደቡን እዪ። ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በከተማዋና በአካባቢዋ ከ6,000 በላይ ሰው አልቋል። ከተማዋ እንደገና ስትገነባ ከፈራረሰው የወደቡ ዳርቻ አንዱን ቁራጭ፣ ከተንጋደዱት የመብራት ምሰሶዎች ጋር፣ ሳትጠግን እንዳለ ትታዋለች። መናፈሻ ዳር ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያየዋል። ስብራቱን ሳይሸፍን ለእንግዳ የሚያሳይ ከተማ ብዙ አላጋጠመኝም። ደግሞ አደራ፣ አልጋሽ ሥር ጫማና ባትሪ አይጥፋ።

ወደኛ የምትልኪው ወሬ ደግሞ አለ። የገና በዓል ሲደርስ ከውጭ አገር በቦሌ በር የሚገባውን ሰው አይተሻል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ሲሠራ፣ አውቶቡስ ውስጥ እየተኛ የኖረ ሰው ሁለት ሳምንት ቦሌ ላይ ሲጋብዝ ይከርማል። ስለ አውቶቡሱ አንድ ቃል አይወጣውም። ያየው ጎረምሳ የአባቱን ቤት አሽጦ ሊከተለው ይነሳል። በዚያው በር ወደ ቤይሩትና ወደ ገልፍ የሚወጡት ልጃገረዶች ስንቶቹ ናቸው ቀድማ የሄደችው ዘመዳቸው የደሞዙን ነግራቸው የተቆለፈባትን በር ሳትነግራቸው የቀረችባቸው? አፍራ ነው፤ አልፈርድባትም። አንቺ ግን ሰው መኪና አጠገብ ቆመሽ ፎቶ አትላኪልን። ከከፋሽ ከፍቶኛል በዪ። እናትሽ ታለቅሳለች፤ አልቅሳም ትነሳለች። ሲደላሽም እንዳይቀኑብኝ ብለሽ አትደብቂ። ጥቂት ወራት ኖረሽ «ጃፓኖች እንዲህ ናቸው» ማለት ሲጀምርሽ ደግሞ ቆም በዪ። የምታውቂያቸውን ቁጠሪያቸውና ስለ እነሱ ብቻ ጻፊ።

አስማሚ ገዝቼልሻለሁ፤ የእነሱ ሶኬት ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ የሚቀበል፣ 100 ቮልት ነው። የእናትሽን የፀጉር ማድረቂያ ተዪው፤ እዚያ አቅም አይኖረውም።

የስልኩንም ሰዓት አስቤበታለሁ። ጃፓን ከኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓት ስንቆጥር ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ነን። ስለዚህ በሐበሻ የተሞላው የግድግዳ ሰዓታችንና የኮቤው ሰዓት መርፌያቸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ልዩነቱ አንቺ ጋ ሲመሽ እኛ ጋ ቀን መሆኑ ብቻ ነው። እሑድ በናንተ ከምሽቱ 9 ሰዓት ላይ ደውዪ። እዚህም 9 ሰዓት ነው፣ ከቀኑ፤ ያኔ ምሳ በልተን፣ ቡናው ተፈልቶ ሁላችንም ቤት ነን። መጀመሪያ እናትሽን አናግሪያት፤ የቆሻሻውን ጉዳይ ለኔ አቆዪው።

እመብርሃን ትከተልሽ።

አባትሽ