የቤተ ሰብን መታሰቢያ በፎቶግራፍ መጽሐፍ ስለ ማኖር

በአገራችን ልማድ ልጅ አፉን ከፈታ በኋላ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት መቍጠር ነው። የቅድመ አያቱን ስም ሲጠይቁት ዝም የሚል ሰው በሽማግሌዎች ፊት ያፍራል። ነገር ግን ስም ይቈጠር ነበር እንጂ መልክ አይታወቅም ነበር፤ ቅድመ አያት ቁመቱ ረዥም ይሁን አጭር፥ ፊቱ ፈገግተኛ ይሁን ቍጡ፥ ከሚያስታውሱት አረጋውያን ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረም። የፎቶግራፍ ጥበብ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በብዙ ቤት ሣጥን ቢከፈት መልኩ ይገኛል፥ ስሙ ግን አይገኝም። ከግድግዳው ላይ ሆኖ የሚያየን ይህ ሰው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ፥ ዐርፈዋል የሚል መልስ እንሰማለን። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው ይኸው ነው።

ምሳሌያችንን ከሐረር ከተማ የምንወስደው በዚያ ስላደግን ብቻ አይደለም። ሐረር መጽሐፍ የመጻፍና የመጠረዝ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀባት ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል በተቀመጠ ጊዜ የሐረር መጻሕፍት ጥራዝ ጥንካሬውንና ውበቱን አድንቆ ጽፏል። ፎቶግራፍም ወደዚህች ከተማ የገባው ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በነጋዴ ቤት ተቀጥሮ በሐረር ሲኖር፥ ከተማይቱም ገና በግብጾች እጅ ሳለች፥ ከሊዮን የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። በ1875 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ራሱን በራሱ ያነሣቸውን ሥዕሎች ለቤተ ሰቦቹ ሲልክ፥ አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፥ ሌላው በቡና አትክልት ውስጥ፥ ሌላው እጁን አጣጥፎ በሙዝ አትክልት ውስጥ የተነሣው መሆኑን በደብዳቤው ገልጦ ጻፈ። ሥዕሎቹም የነጡበት ምክንያት ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለ ሆነ ነው ሲል አስታወቀ። እንግዲህ ልብ ይባልልን! ሥዕሎቹ ደብዝዘዋል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ስለ ተገኘ ከ140 ዓመት በኋላ እንኳ የትኛው በየት እንደ ተነሣ ይታወቃል። በጥሩ ውሃ የታጠቡና እንደ መስተዋት የጠሩ፥ የማን እንደ ሆኑ ግን የማይታወቁ ፎቶግራፎች በየሣጥናችን ስንት አሉ?

(ዛሬ በጀጐል ውስጥ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጐበኘው ያማረ የእንጨት ሥራ ያለበት ቤት የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው እንጂ የእርሱ መኖሪያ አልነበረም ይባላል። የሆነ ሆኖ በውስጡ የጥንቱን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሰቅለው ስለሚገኙ መሄድ አያስቈጭም።)

ልዑል ራስ መኰንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ሲገዙ ፎቶግራፍ መነሣት በመኳንንቱ ዘንድ እየተለመደ ሄደ። ከልጃቸው ከልጅ ተፈሪ ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቍልቢ ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናታቸውንም ያጡት ገና በሕፃንነታቸው ነው። እንዲህ ላለ ልጅ ከአባቱ ጋር የተነሣው ሥዕል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማንም መንገር አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን የተነሡትን የመኳንንት ልጆች ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሕፃናቱ እንደ ትልቅ ሰው ለብሰው፥ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው፥ ሳይሥቁ ቆመዋል። ይህ ያለ ምክንያት አልነበረም። መሣሪያው ብርሃን ለመቀበል ጊዜ ይፈልግ ነበርና የተነቃነቀ ሰው ሥዕሉ ይደበዝዛል። ዋጋውም ውድ ስለ ነበር ደግሞ ማንሣት አይታሰብም። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1892 ዓ.ም. ብራውኒ የተባለውን ትንሽ መሣሪያ በአንድ ዶላር ሲያወጣ፥ በሌላው ዓለም ፎቶግራፍ ከባለ ሙያው እጅ ወጥቶ ወደ እናቶችና ወደ ልጆች እጅ ገባ። በእኛ አገር ግን ለብዙ ዘመን ፎቶ ቤት ሄዶ መነሣት ብቻ ነበር። ዛሬ በያንዳንዱ ኪስ ውስጥ መሣሪያ ሳለ፥ ቀጥ በል፥ እጅህን አውርድ፥ ሣቅ ማለት ግን አልቀረም። በትእዛዝ የመጣ ሣቅ ደግሞ ጥርስ ያሳያል እንጂ ልጁን አያሳይም።

ልጅን በልጅነቱ ለማንሣት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ጕልበቱን አጥፎ ዝቅ ይበል። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ሕፃን ግንባርና ጫማ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛም ልጁ የሚሠራው ነገር ይኑረው፤ ኳሱን ይያዝ፥ ቡናውን ከአያቱ ጋር ይልቀም፥ ዶሮውን ያባር። ፎቶግራፍ አንሺው ቢታገሥ ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረሳዋል፥ መልካሙም ሥዕል የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ስለ ብርሃን ቢሆን የቀትር ፀሐይ ዓይን ያስጨፍናልና ጧት ወይም ወደ ማታ ይሻላል። በጀጐል ውስጥ ያለው የቀድሞው የሐረሪ ቤት ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ከግቢው በበሩ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፥ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ከአያቷ አጠገብ የተቀመጠች ሕፃን ከኋላዋ በግድግዳው ላይ የተደረደረው የስፌት ሥራ ጌጥ ይሆንላታል። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ዒድ ሰሞን ደግሞ (ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል) ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በየመተላለፊያው ሲሮጡ፥ ቀለም የተቀቡት የግንብ አጥሮች ከየትኛውም የፎቶ ቤት መጋረጃ ይበልጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድናስታውስ ይፈቀድልን፤ የሰው ልጅ ከወላጁ ፈቃድ ውጭ አይነሣም። ለጕብኝት የሚመጡ ሰዎች ይህን ሲዘነጉ አይተን አዝነናል።

በእኛ ቤት የሆነውን ብንነግር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አያታችን በሐረር የመንግሥት ጸሓፊ ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው በተወረሰው አልበም ውስጥ በ1955 ዓ.ም. ገደማ በፎቶ ቤት የተነሣ የሦስት ሕፃናት ፎቶግራፍ አለ። በስተኋላቸው የድንጋይ ደረጃና ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ተዘርግቷል። በስተ ግራ ያሉት ነፍሳቸውን ይማርና እናታችን፥ በስተ ቀኝ ያሉት አጎታችን ናቸው። በመካከል ያለችውን አምስት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ግን የሚያውቃት አልተገኘም። አጎታችን ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ነበሩ ምንም አያስታውሱም። አንዱ ከጅጅጋ የመጣች ዘመድ ናት ይላል፥ ሌላው የጎረቤት ልጅ ትሆናለች ይላል። ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበረበት፤ ሦስቱም ሕፃናት ወደ መሣሪያው አይመለከቱም፥ ወደ አንድ ጐን ዘወር ብለው ይሥቃሉ።

በቶሮንቶ ለሚኖሩት ታላቅ አክስታችን ፎቶግራፉን በስልክ ባሳየናቸው ጊዜ፥ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እስቲ ጫማዋን እዩልኝ» አሉን። ነጭ፥ በጐኑ ቍልፍ ያለው ጫማ ነው። «የእኔ ጫማ ነው! ልጅቷ ባዶ እግሯን ስለ ነበረች እናቴ ከእግሬ ላይ አውልቃ ሰጠቻት። እኔ ደግሞ ባዶ እግሬን አልነሣም ብዬ ከፎቶ አንሺው ጐን ቆሜ ሳለቅስ በእኔ ይሥቁ ነበር» ብለው ከ60 ዓመት በኋላ እንደ ገና ሣቁ። ከዚያም ድምፃቸው ተለወጠ። ልጅቷ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይሠሩ የነበሩ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ እንደ ነበረች፥ በዚያው ዓመትም በኩፍኝ እንደ ሞተች ነገሩን። ስሟንም ነገሩን። በዚህ ጋዜጣ አናወጣውም።

የዚያ ቤት ሰዎች ዛሬም በጀጐል ውስጥ ይኖራሉ። ቅጂውን አሳትመን ወሰድንላቸው። ወንድሟ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ ናቸው፤ የተወለዱት እኅታቸው ከሞተች በኋላ ስለ ሆነ ፊቷን አይተው አያውቁም ነበር። በቤታቸውም ሌላ የእርሷ ሥዕል አልነበረም። ብዙ ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፥ ቃል ሳይናገሩ፥ በግቢው የምትጫወተውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ፎቶግራፉን ከፊቷ አጠገብ አስጠግተው ያዙት።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሡ ይሄዳሉ። በ1966 ዓ.ም. ከሆነው ለውጥ በኋላ የመኳንንት ሥዕል በቤቱ መገኘቱ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነበርና፥ የተቀበረና የተቃጠለ ፎቶግራፍ ስንት እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ቦታውም ራሱ አይቈይም። በእኛ አልበም ወላጆቻችን በሠርጋቸው ዕለት በራስ መኰንን ሐውልት ሥር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ ፈረሰኛው ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈርሷልና፥ ታናናሽ ልጆቻችን ያ ፈረስ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፉ ላይ ካላነበቡ በቀር አያውቁትም።

ስለዚህ አልበም ሲሠራ ቀዳሚው ነገር ጽሕፈቱ ነው። በፎቶግራፉ ጀርባ፥ ከዳር በኩል፥ በለስላሳ እርሳስ ስም፥ ቦታና ዓመት ይጻፍ። በቢክ የተጻፈ እንደ ሆነ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፥ ሲጫኑትም የወረቀቱ ፊት ይጐረብጣል። ሙጫ አይቀባ፤ በአራቱ ማዕዘን የሚይዝ ትንሽ ወረቀት ይበቃል። ገጹ የሚጣበቅና ላስቲክ የሚሸፍነው አልበም በአባቶቻችን ዘመን እንደ ትልቅ ሥልጣኔ ተቈጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ማጣበቂያው እያደር ቢጫ ይሆናል፥ ፎቶግራፉንም ይዞ አልለቅ ይላል። አሲድ የሌለበት ወረቀት ቢገኝ እርሱ ይመረጣል። ባለ ቀለሙ ፎቶግራፍ ከጥቍርና ነጩ ይልቅ ቶሎ ስለሚለቅ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ላይ ቅጂው ይሰቀል፥ ዋናው በደረቅ ቦታ ከብልና ከምስጥ ተጠብቆ ይቀመጥ። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለውን ሺህ ሥዕል አስቀምጫለሁ ብሎ የሚታመን ሰው ስልኩ የጠፋ ዕለት ያዝናል፤ በዓመት ሠላሳ ወይም አርባ መርጦ በወረቀት ማሳተም፥ አንዱንም ቅጂ በሌላ ዘመድ ቤት ማኖር ይሻላል። በአዲስ አበባ ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚባል ስም ከየቤቱ የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ታትመው ብዙ ሰው ስለ ተደሰተባቸው፥ ሐረርም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይገባታል ብለን እናስባለን።

ለጥራዙም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የብራና መጻሕፍትን ከየቦታው ሰብስበው ከማኖራቸውም በላይ፥ ያረጀውን በመጠገንና የሐረርን የጥራዝ ጥበብ መልሶ በማንሣት የታወቁ ሰው ናቸው። በቆዳ የተጠረዘ የቤተ ሰብ መጽሐፍ ከዳዊትና ከቍርኣን አጠገብ ቢቀመጥ አያሳፍርም።

የእኛው መጽሐፍ ገና ወደ ጠራዥ አልሄደም። እስከ 22ኛው ገጽ ደርሰናል። በ23ኛው ላይ በአንድ የክርስትና በዓል ዕለት የተነሡ ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ የአምስቱ ስም ታውቋል። ለቀሩት አራት ቅጂው ድሬ ዳዋ ወደሚኖሩት አንድ የ91 ዓመት ዘመዳችን ተልኳል። ዓይናቸው ደክሟልና የልጅ ልጃቸው እያጐላች ታሳያቸዋለች፤ የአንዱን ባለ ባርኔጣ ስም ትናንት አስታውሰው አስጽፈዋታል።