ውሃ የገባበት በር

ሐረር የበሮች ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ጁገል ሲታጠር አምስት በሮች ነበሩት፤ ለመኪና የተበጀው ስድስተኛው በር ቆይቶ የመጣ ነው። ቅጥሩ ከነከተማው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ካላቸው የአገሩ ልጆች አንዱ ነበርሁ። ይሁን እንጂ በር ማለት ምን እንደ ሆነ በቅጡ የተረዳሁት ግንቡ ሥር ቆሜ ሳይሆን፣ ባለፈው ክረምት ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ነው።

ይዤ የሄድሁት የአባቴን የእጅ ሰዓት ነበር። አባቴ መምህር ነበር። ሰዓቱን የገዛው ባቡሩ ከጅቡቲ ዕቃ ያመላልስ በነበረበት ዘመን ድሬዳዋ ወርዶ ነው። በየቀኑ በእጅ የሚሞላ፣ ከጀርባው ውሃ እንደማያስገባ በፈረንሳይኛ የተጻፈበት የስዊስ ሥራ ነበር። አባቴም የተጻፈውን አምኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የእጁን ጠመኔ ሰዓቱን ሳያወልቅ ይታጠብ ነበር።

አንድ የክረምት ቀን በመስታወቱ ሥር ጉም የመሰለ ነገር ታየ፤ በሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ቆመ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለና ሣጥን ውስጥ ከተተው። እስኪሞት ድረስም ሌላ ሰዓት አላሰረም። እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ። ጉሙ ከመታየቱ በፊት በነበረው ቀን፣ አባቴ ሲያሸልብ፣ በጎኑ ያለችውን መሙያ ስቤ ቆጣሪዎቹን ሳሽከረክር ቆይቼ ነበር። ሰዓቱን ወደ ትክክለኛው ብመልሰውም መሙያዋን ገፍቼ መዝጋቴን አላስታውስም። ይህንንም ለማንም ሳልናገር አደግሁ።

ሰዓት ሠሪው የልብስ ሰፊዎች መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ከሚንጫጫበት ከመኪና ግርግር አጠገብ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓቱን ተቀብለው ለመክፈት አልቸኮሉም። በመጀመሪያ መሙያዋ ከአካሉ ጋር ገጥማ መቀመጧን አዩ። ቀጥለው ሳብ አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቋት። ደህና መሙያ ብዙ አትወዛወዝም፤ የአባቴ ሰዓት መሙያ ግን እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘች። ከዚያም ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብለው እድፉን መረመሩ። እድፉ ከሦስት ቁጥር አጠገብ፣ ማለት ከመሙያዋ በኩል፣ ይጠቁር ነበር።

«ውሃ ውስጥ ነክረው አያዩትም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ ጣሪያ ያፈስ እንደ ሆነ ለማወቅ ወንዝ ይለቀቅበታል? የቆየ ሰዓት የሚፈተነው በደረቁ ነው።»

በአየር ግፊት የሚፈትን መሣሪያ መኖሩን ነገሩኝና የራሳቸውን ቀላል ዘዴ አሳዩኝ። ሰዓቱን ሞቅ ካለ ነገር ላይ አቆይተው በመስታወቱ ላይ አንዲት የቀዝቃዛ ውሃ ጠብታ አኖሩ። ጥቂት ቆይተውም ጠረጉት። በውስጡ እርጥበት ቢኖር ኖሮ ከጠብታዋ ሥር መስታወቱ ከውስጥ ይደበዝዝ ነበር። አልደበዘዘም። «አሁን ደረቅ ነው፤ ውሃው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል» አሉ።

የጀርባውን ክዳን ከፈቱና ማጉያቸውን ሰጡኝ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ቢጠጥርም ብረቱ ንጹሕ ነው። በመስታወቱ ዳርም ዝገት የለም። ዝገቱ የጀመረው ከመሙያዋ ዘንግ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ተጉዟል። «ግንቡ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው፤ «ጠላት የገባው በበሩ ነው።»

ነገሩን ሲያስቡት እውነት ነው። ክዳኑ በስንት ዓመት አንዴ ቢከፈት ነው። መሙያዋ ግን በየቀኑ ትዞራለች፤ በ30 ዓመት ከ10 ሺሕ ቀን በላይ መሆኑ ነው። በዞረች ቁጥር በውስጧ ያለችው ትንሽ ጎማ ትፋጫለች፤ ትደርቃለች። ይህን ድካም ሰዓት ሠሪዎች ከጥንት ያውቁታል። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ሮሌክስ መሙያው እንደ ብሎን የሚጠብቀውን ኦይስተር አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለችው እንግሊዛዊት ዋናተኛ ያንን ሰዓት ባንገቷ አንጠልጥላ ለአሥር ሰዓታት ያህል በእንግሊዝ ቻናል ስትዋኝ ውሃ አልገባበትም። ያም ቢሆን መሙያው ካልጠበቀ ክፍት በር ነው። ከሰዓት ጀርባ የሚጻፈው ቃልም የሚጸናው ጎማው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ምሥጢሬን አወጣሁ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። «እንዲህ ባለው ሰዓት መሙያው ተስቦ ቢያድርም ማሽኑ አይቆምም፤ ስለዚህ አባትህ አላወቀም» አሉኝ። «ግን ጎማዋን ተመልከት፤ ድንጋይ ሆናለች። ብትዘጋትም ውሃው ይገባ ይሆናል።»

ጎማዋ ዛሬ ድንጋይ መሆኗን በዓይኔ አየሁ። ያን ጊዜ፣ አባቴ እጁን ሲታጠብ፣ ለስላሳ ነበረች ወይስ ደርቃ ነበር? ይህን ማጉያ አያሳይም። ሊፈርድልኝም ሆነ ሊፈርድብኝ የሚችለው ሰው ራሱን ወቅሶ ሄዷል።

ሰዓት ሠሪው ዘንጉን፣ መሙያዋንና ጎማዎቹን ለወጡ። «ጎማው አዲስ ነው፤ አካሉ ግን ሽማግሌ ነው። ስትታጠብ አውልቀው» ብለው አስጠነቀቁኝ። ሰዓቱ አሁን ይሠራል። ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ፤ ቆጣሪዎቹን ባስተካከልሁ ቁጥር ደግሞ መሙያዋን ወደ ውስጥ ገፍቼ፣ ቀጭ የምትለውን ድምፅ ሳልሰማ ጣቴን አላነሣም።